መርዶ በኮርቻ ላይ አይነገርም

አባዬ የሞተ ዕለት እኔ ፈረስ እጋልብ ነበር። እየሳቅሁም ነበር። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው አንባቢዬ እንደ እኔ እንዳይታለል ብዬ ነው። እሱ ከሞተበት ጠዋት አንስቶ እኔ እስከሰማሁበት ንጋት ድረስ፣ ከእኔ በቀር በዙሪያዬ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ወንድሜ ያውቃል። የፈረሶቹ ባለቤት ያውቃል። ውርጌሳ ያለችው አክስቴ ታውቃለች። እኔ ብቻ ለአባዬ የምነግረውን ወሬ በሆዴ እያሰናዳሁ ተራራ እወርድ ነበር።

ጉዞውን ያመጣው ራሱ አባዬ ነው። በጉልበቱ ዘመን ከመርሳ በላይ ያለውን ዳገት በፈረስ እየወጣ፣ ከደጋ ገብስና ባቄላ ገዝቶ ወደ ቆላ የሚያወርድ ነጋዴ ነበር። ስኳር በሽታ እግሩን ከያዘው በኋላ ግን በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቶ ያንኑ ተራራ ሲያይ ይውላል። ታናሽ ወንድሜ እዚያው መርሳ አስተማሪ ነው፤ ከወላጆቻችን ግቢ ከኋላ ባለችው ክፍል ይኖራል። እኔ ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ሁለታችንም ሲሰለቸን የምናውቀው መፍትሔ ሚኒባስ ተሳፍሮ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ደርሶ መመለስ ነበር። አባዬን ይህ ያበሽቀዋል።

«እናንተ አገር የምትሉት አስፋልት የነካውን ብቻ ነው» ይለናል። «ከራሳችሁ በላይ ያለውን ተራራ ሳታውቁት ልትሞቱ ነው።»

በየዓመቱ ይህንኑ ይላል፤ እኛም በየዓመቱ «ኢንሻላህ የከርሞ ክረምት» እንላለን። ያን ዓመት ግን ወንድሜ ከአንድ ጓደኛው ትንሽ ብርቱካናማ ድንኳን ተውሶ መጣ። ትምህርት ቤት አልተከፈተም፤ እኔም የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ነበር። ዝናቡ ሊያባራ አንድ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጧል፤ አደይ አበባው ከመንገዱ ዳር ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። አባዬ ወዲያው ስልኩን አንስቶ ደጋ ላለ አንድ የድሮ ወዳጁ ደወለ። ሰውየው ክርስቲያን ነው፣ አባዬ ሙስሊም ነው፣ ሲጠራሩ ግን «ወንድሜ» ነው የሚባባሉት። አብረው ነግደዋል፣ አብረው ከስረዋል። በማግስቱ ሰውየው ሁለት ፈረስና አንዲት የጭነት በቅሎ እየነዱ ከበራችን ደረሱ። እኛ «አያ» እንላቸዋለን።

አባዬ ፈረሶቹን እስከ በረንዳው ድረስ አስቀረበ። በዱላው እየጠቆመ እግራቸውን አስነስቶ አየ፤ የኮርቻዬን ጠፍር በእጁ ስቦ «ይኼ ላልቷል» ብሎ አያን ተቆጣቸው። አያም ሳይከራከሩ አጠበቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስትመለሺ መጀመሪያ እኔ ጋ ነይ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ እሷ ወሬ ታሳጥራለች። ውሃውን፣ ሜዳውን፣ ፈረሱ እንዴት እንደሄደልሽ፣ ሁሉንም ትነግሪኛለሽ። ትንሽም ጨምሪበት። ያልተጨመረበት ወሬ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው።»

«ምን ያህል ልጨምር?» አልኩት።

«ፈረሱን አታብሪው እንጂ ሌላውን እንደፈለግሽ።»

ከዚህ በኋላ የተናገረውን አላስታውስም። የተናገረውም ያለ አይመስለኝም። በቅሎዋ ጭነቷን አራግፋ ልትጥል ስትታገል ሁላችንም ወደሷ ሮጥን፤ ከዚያ ወጣን። ዞሬ እጄን አውለብልቤ ይሆናል። አውለብልቤ ከሆነም እንደ ማንኛውም ቀን ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ለወገብ አይመከርም። ወንበር ላይ የኖረ ሰው ኮርቻ ላይ ሲወጣ ያላሰበው ጡንቻ ሁሉ ይናገራል። አያ በእግራቸው እየሄዱ ከእኛ ይቀድማሉ፤ ቆም ብለው እየጠበቁ ያሾፉብናል። በቅሎዋ መንገድ መምረጥ ስለምትወድ «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እያሉ ይገስጿታል፤ አየት ሲያደርጉኝ ግን ነገሩ ለወልድያዋ የቢሮ ሠራተኛም የተባለ ይመስላል። ማሽላው አልቆ ጤፉ ተተካ፣ ጤፉ አልቆ ድንጋይና ቁጥቋጦ ሆነ። ከታች መርሳ በማንጎና በፓፓያ ዛፎቿ መሃል እያነሰች ሄደች። የቤታችንን ቆርቆሮ ለይቼ ለማየት ሞከርኩ፤ ቆርቆሮ ሁሉ ቆርቆሮ ነው።

ማታ ከአንድ ተዳፋት ሥር ድንኳኗን ተከልን። ገና ስንተክል አንዲት እንጨት የተሸከሙ ሴት ከላይ ሲወርዱ አይተውን ቆሙ። ሸክማቸውን አወረዱ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውን ወደ ሐዘን እየለወጡ ቀረቡን።

«ማን አርፎባችሁ ነው ልጆቼ?»

ድንኳን ያለ ሰርግ ወይም ያለ ለቅሶ ተተክሎ አይተው አያውቁም። ሰርግ እንዳይሉን ደግሞ ሦስት ሰውና ሦስት እንስሳ ነን። ወንድሜ ለመዝናናት እንደመጣን አስረዳቸው። ሴትዮዋ ሰማዩን አዩ፣ እኛን አዩ።

«በዚህ ዝናብ? ቤት አጥታችሁ ነው እንጂ» አሉና ሸክማቸውን አንስተው ሄዱ። ለካ ያዘኑልን እውነታቸውን ኖሯል፤ ሁለት እስር የባቄላ እሸት በልጃቸው ላኩልን። ያን ምሽት ስቀን አልጠገብንም። ይኸንንም ለአባዬ ብዬ ያዝኩት።

በሁለተኛው ቀን ከሜዳው ደረስን። አባዬ ስለዚያ ሜዳ ሲያወራ ሁልጊዜ ጨምሮበት ይመስለኝ ነበር። አልጨመረም። ሰፊ ነው፤ ዝናብ የጠገበ ሣር ነው፤ መሃሉን አንዲት ቀጭን ውሃ ትቆርጠዋለች፤ ከዳሩ ደግሞ ምድር ያበቃና ከሥር ቆላው ተዘርግቶ ይታያል። ፈረሴ ከውሃዋ ሲደርስ ሳያስፈቅደኝ አንገቱን ደፍቶ መጠጣት ጀመረ። እኔም በአንገቱ ላይ ተንሸራትቼ ውሃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ወንድሜ ሆዱን ይዞ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ፈረሱ ቀና ብሎ አየኝና መጠጣቱን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንድሜ ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጣ። እማዬን ደህና አደራችሁ ብሎ ሊመለስ ነው። እኔ ከታች ሆኜ እሳቱን አጭራለሁ። ትንሽ ሰው ሆኖ ጉብታው ላይ ይታየኛል። ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ፣ አወረደው፣ እንደገና አደረገው። መውረድ ሲጀምር መሃል መንገድ ላይ ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ያዘ፤ አሥሮ የሚጨርስ አልመስል አለኝ። አያ ወደሱ ወጡ። ሁለቱ ቆመው ተነጋገሩ። አያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ የገመትኩት የበቅሎዋ ኮቴ ታሞ ይሆናል ብዬ ነው።

ቆይቶ እንደተረዳሁት የስልኩ ንግግር አጭር ነበር። እማዬ ወሬ ታሳጥራለች። አባዬ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንደተጋደመ አላህ ወስዶታል። ጀናዛው ከቀትር በኋላ ይቀበራል። ለእህትህ እንዳትነግራት፤ ፈረስ ላይ ናት፣ ገደል ነው፣ ራሷን ትጥልብኛለች። መርዶ በኮርቻ ላይ አይነገርም። ቀስ አድርገህ ወደ ውርጌሳ አውርዳት፣ እዚያ አክስቷ ቤት ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል። ይኸው ነው።

የሌላ አገር ሰው ይህን ሲያነብ ጭካኔ ሊመስለው ይችላል። እኛ ዘንድ ጭካኔው መንገር ነው። መርዶ ሰዓት አለው፤ ንጋት ላይ ነው። ቦታ አለው፤ ቤት ውስጥ፣ ዘመድና ጎረቤት ባለበት። ነጋሪ አለው፤ አንደበቱ የተገራ ሽማግሌ። ግራና ቀኝ የሚይዙ ክንዶች ተዘጋጅተው፣ ውሃ ቀርቦ። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይይዛል፣ ይበላል፣ ያስቃል። እኔም ለሌሎች ሰዎች አፌን ይዤ አውቃለሁ። መልካም ልማድ ነው እላለሁ፣ በሌላ ሰው ላይ ሲሆን።

ወንድሜ ከእሳቱ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። ፊቱ ታጥቧል፤ ከምንጩ ታጥቦ መምጣቱ ነበር።

«ሁሉም ደህና ናቸው?» አልኩት።

«ሰላም ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። ቀጥሎም በቅሎዋ ስለምታነክስ ዛሬ ቀስ እያልን እንደምንወርድ፣ በመርሳ በኩል ያለው ወንዝ ስለሞላ ደግሞ በውርጌሳ እንደምንዞር ነገረኝ። ስልኬንም ዝናብ እንዳይገባው ብሎ ከእጄ ወስዶ በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። በቅሎዋ አታነክስም ነበር። እኔ ግን ሁሉንም አመንኩት፤ ውሸታም ሆኖ አያውቅማ።

«ከመሄዳችን በፊት አንዴ እንጋልብ» አልኩት። «ለአባዬ ምን ልንገረው? በሶምሶማ ዞርን ልበለው?»

ወደ አያ አየ። አያ መሬት መሬቱን አዩ። «ይሁን፣ እዚህ ሜዳው ላይ ነው፣ ገደል የለበትም» አሉ። ወንድሜ ፈረሱ ላይ ወጣ። ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ጋለብን። ነፋሱ ሻሼን ወሰደው፤ እኔም እየጮህኩ፣ እየሳቅሁ፣ እሱን ቀድሜ ደረስኩ። ዞሬ «ተበላህ!» አልኩት። እሱም ሳቀልኝ። ጥርሱ ሲታይ አይቻለሁ። በዚያች ሰዓት መርሳ ላይ አባዬን እያጠቡት፣ ከፈኑን እያለበሱት ነበር።

የዚያን ቀን ነገር ሁሉ ዛሬ ሌላ ሆኖ ይታየኛል። አያ ከዚያ በፊት ፈረሴን ይዘውልኝ አያውቁም። ከሜዳው ስንወጣ ግን የልጓሙን ገመድ በእጃቸው ጠቅልለው ከፊቴ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ሁለት ቀን የጋለብኩ ፈረሰኛ ነኝ፤ ተናደድኩ።

«አያ፣ ይልቀቁኝ እንጂ። ሙሽራ አስመሰሉኝ እኮ።»

«አፈር ስሆን ልጄ፣ ዛሬን ልምራሽ» አሉኝ ሳይዞሩ። «መንገዱ ክፉ ነው።»

ወደ ውርጌሳ እስክንታጠፍ ድረስ መንገዱ ስንወጣ የወጣነው መንገድ ነበር። አንድ ሁለቴ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ፤ ካፊያ ስለነበር ምንም አላልኩም። ሲያሾፉብን የሰነበቱት ሰው ለበቅሎዋ እንኳ አንድ ተረት ሳይተርቱ ዋሉ።

ከቀትር በኋላ አንድ የዋርካ ጥላ ሥር አረፍን። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ወንድሜ ቀደም ሲል የተላከልንን ባቄላ እሸት ጠበሰ። ሲያገላብጥ ጣቱን አቃጠለ፤ እጁን ሳያነሳ ቆይቶ እኔ ነኝ «አንተ እጅህ!» ያልኩት። እኔ በዚያ ላይ ወሬዬን ጀመርኩ። ለአባዬ የምነግረውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ልለማመድ ፈልጌ ነው። አጀማመሩ ላይ ተጨነቅሁ፤ ከሴትዮዋ ልጀምር ወይስ ከሜዳው?

«ከሴትዮዋ ጀምሪ» አለኝ ወንድሜ። «እሱ መጀመሪያ ካሳቁት በኋላ ሁሉን ያምናል።»

«ውሃው ውስጥ የወደቅሁትንስ?»

«ወደቅሁ አትበዪው። ፈረሱ ሊጠጣ ሲል እኔም ጠማኝ፣ ወረድኩ በዪው።»

«ያምነኛል?»

«አያምንሽም። ግን ይወድልሻል።»

እንዲህ እያልን ሙሉውን ወሬ አበጀነው። ጨው ጨመርንበት። እሱ ከእኔ የተሻለ ነገር አዋቂ ነው፤ የተሻሉት ቦታዎች የሱ ናቸው። አባዬ የት ላይ እንደሚያቋርጠኝ፣ የት ላይ «ይኼንንስ ጨመርሽ» እንደሚል፣ የት ላይ እማዬን ጠርቶ እንደሚያሰማት እንኳ ተስማማን። አያ ከኛ ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው የፈረሱን ግንባር ያሻሉ። እኔ ያን ዕለት ምናልባት በሕይወቴ ከሁሉ ይልቅ ደስተኛ ነበርኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

በማግስቱ ወደ ማታ ውርጌሳ ደረስን። አክስቴ የአባዬ ታናሽ እህት ናት። በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። አቅፋ ሳመችኝ፣ ከወትሮው ትንሽ አቆየችኝ። የእግር ውሃ አመጣችልኝ፤ ራቱ ተዘጋጅቷል። ቤቱ እንዲያ ተጠርጎ አይቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ ለአባዬ ከመንገሬ በፊት አንዴ በሰው ላይ ልሞክረው ብዬ ወሬዬን ለእሷ አወራሁላት። ከሴትዮዋ ጀመርኩ። አክስቴ ወንድሟ በተቀበረ በማግስቱ ከፊቴ ተቀምጣ፣ መሳቅ ባለባት ቦታ ሁሉ ሳቀችልኝ።

ንጋት ላይ ከጓሮ የወንዶች ሳል ሰምቼ ነቃሁ። አንድ ሳል አይደለም። ሳሎን ስወጣ ሰው ሞልቷል፤ ከመርሳ የመጡ ጎረቤቶቻችንን አየሁ። በዚያ ሰዓት ከመርሳ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ ወሎዬ የለም። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ገቡብኝ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ቀስ ብለው «ልጄ፣ ሁላችን የአላህ ነን፣ ወደሱም ተመላሾች ነን። አባትሽ ወደ አኼራ ሄዷል፣ አብሽሪ» አሉኝ። ወንድሜን ፈለግሁት። በሩ ጋ ቆሞ ጭቃ የያዘውን ጫማዬን ያያል።

«መቼ?» አልኩ።

ነገሩኝ። ሰዓቱን ሲነግሩኝ ያ ግልቢያ መጣብኝና ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ሌሎች ናቸው የሚያውቁት።

ቁጣዬ ግን የራሴ ነው፤ እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። ለቅሶው ሲቀዘቅዝ ቁጣው ጋመ። እኔ የፈለግሁት አባዬን ለመቅበር አልነበረም፤ ሴት መቃብር አትሄድም። ፊቱን ለማየት ነው። በከፈኑ ሳይሸፈን አንድ ጊዜ። ጠዋቱን ወንድሜ ቢነግረኝና ብንጋልብ እደርስ ነበር እላለሁ። ያንን ቁልቁለት ማንም አይጋልብም ይሉኛል። እደርስ ነበር እላለሁ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መልሶ እንዲሉ፣ ከወልድያ መርሳ በወረድኩ ቁጥር ይህንኑ አነሳለሁ። ወንድሜን አላናግረውም፤ ባናግረውም ለመውጋት ነው። አብሮኝ መሳቁን ይቅር ልለው አልቻልኩም። መደበቁንስ ልማድ ነው ልበል፤ እንዲያ አሳምሮ ወሬ ማበጀት ግን ምን የሚሉት ልብ ነው? እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማኛል። አንድም ቀን ሲያለቅስ አላየሁትም፤ ይህንንም ቆጠርኩበት።

የሙት ዓመቱ ሰደቃ ሲቃረብ እህል ልናበጥር መርሳ ተሰበሰብን። እማዬ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ወንድሜ ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ገብቶ አወረደ። እኔም እንደ ልማዴ ጀመርኩ።

«የኔ አባት ፊቱን ሳላይ ሄደ። አንተ ግን ፈረስ እየጋለብክ ሳቅህ። ደረቅ ነህ።»

ከረጢቱን ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ቆመ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እታለም፣ አንቺ ሰው ይዞሽ ነው የሰማሽው» አለኝ። «ሽማግሌ መጣልሽ፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ያዙሽ፣ ውሃ ተረጨብሽ። እኔን ማን ያዘኝ? ድንጋይ ላይ ቆሜ ነው። አባትህ አረፈ፣ ለእህትህ እንዳትነግር ተባልኩ፣ በአንድ ትንፋሽ። አብሽር ያለኝ የለም። ከዚያ ወርጄ ባቄላ ጠበስኩልሽ። ውርጌሳ ስንገባ ሰው ሁሉ እሱማ ሰምቷል ብሎ ወዳንቺ ሮጠ። እኔም አዎ ሰምቻለሁ ብዬ ወንበር አቀረብኩ። ከዚያ ወዲህ ልቅሶ ልጀምር ስል የት እንደምጀምረው ጠፋኝ። አውፍ በይኝ፣ ፊቱን አላሳየሁሽም። እኔም አላየሁትም።»

ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ። እማዬን አየኋት። ጣቷ ምስሩ ላይ ቆሟል። «እ» አለችና መልቀሟን ቀጠለች። እማዬ ናት፣ ወሬ ታሳጥራለች ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ቀሰቀሰችኝ። ጥቁር ሻሿን ጠምጥማለች። «ተነሽ፣ ተከተዪኝ» አለችኝ። ወደ ጎረቤታችን ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደን አንኳኳች። እሳቸው ሱብሒ ሰግደው ተስቢሃቸውን እንደያዙ ወጡ።

«ለልጄ መርዶ ይንገሩልኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ደነገጡ። «ደግሞ ማን ሞተ?»

«አባቱ።»

«እሱማ ያውቃል እኮ፣ ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ማን ነግሮት?»

«አንቺው ነሽ በስልክ የነገርሽው።»

«በስልክ የተወረወረ ቃል መርዶ ነው እንዴ? ልጄን እንደ ተላላኪ ነው የላክሁት። ይነሱ አፈር ስሆን፣ ሳይነጋ ይምጡልኝ።»

ሽማግሌው ጥምጣማቸውን አስተካክለው ወጡ። በመንገድ ላይ እማዬ ሁለት ሴቶችን በስም እየጠራች አስነሳች፤ እነሱም ለምን ሳይሉ ነጠላቸውን እያጣፉ ተከተሉን።

ወንድሜ ሰግዶ ገና ከስጋጃው አልተነሳም። በሩን ከፍተን አንድ በአንድ ስንገባ ቀና ብሎ አየን። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሰው ሲገባ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ሴቶቹ ግራና ቀኙ ተቀመጡ። እኔ ከጀርባው ሆኜ ትከሻውን ያዝኩ። ሽማግሌው አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት እማዬ ከፊቱ በርከክ አለች።

«ልጄ፣ አባትህ ሞቷል።»

«አውቃለሁ፣ እማዬ» አለ።

«አታውቅም። አልነገርኩህም። አሁን ነው የምነግርህ። አባትህ ሞቷል፣ ልጄ።»

ትከሻው ከእጄ ሥር መጀመሪያ ደነደነ። ከዚያ ለቀቀ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከእሱ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ «አባዬ» ብቻ ነው የሚለው፣ ደጋግሞ። ሴቶቹ እጁን ያዙት፣ ሽማግሌው «አብሽር፣ ሶብር አድርግ» ይሉታል፣ እኔ አጥብቄ ያዝኩት። እኔም አለቀስኩ፤ ዘንድሮ ግን የምለቅሰው ከሱ ጋር ነበር።

ድምፁ መንደሩን ደረሰ። ጎረቤቶች ማን ሞተ እያሉ፣ የለበሱትን እየጎተቱ ወደ ግቢያችን ሮጡ። እማዬ ብድግ ብላ በሩ ላይ ቆመች።

«ባለቤቴ ነው» አለቻቸው። «ልጄ አሁን ነው የሰማው።»

ማንም አልጠየቃትም። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።